ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት ወረፋውን አስተካክሉ

በየቢሮውና በየካፌው ኔትወርክ ስሠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ስፒድ ቴስቱ የከፈልንበትን ያህል ያሳያል፤ ታዲያ ዙም ላይ ድምፅ ለምን ይቆራረጣል?» ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት ፓኬጅ በማሳደግ ነው። እባካችሁ፣ ገንዘብ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ኮምፒውተራችሁ ላይ ፒንግ አስጀምሩ። እሱ እየሄደ ትልቅ ፋይል ጉግል ድራይቭ ላይ መጫን ጀምሩ። ፒንጉ ከ40 ሚሊ ሰከንድ ተነሥቶ 800፣ 1500 ከደረሰ፣ ችግሩ የመስመሩ መጥበብ ብቻ አይደለም፤ ወረፋው ነው።

ሞደም ሊልከው ከሚችለው በላይ ዳታ ሲመጣበት ወዲያው አይጥለውም፤ ያከማቸዋል። አፕሎዳችሁ 1 ሜጋ ቢት በሰከንድ ቢሆንና ሞደሙ ውስጥ 256 ኪሎ ባይት ቢጠራቀም፣ ከኋላ የመጣው የድምፅ ፓኬት 2 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ለፋይል 2 ሰከንድ ምንም አይደለም። ለንግግር ግን ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመክረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ ነው። ዳውንሎዱም አብሮ ይጎዳል፤ «ደርሶኛል» የሚለው ምላሽ የሚመለሰው በዚያው በተጨናነቀው አፕሎድ በኩል ነውና።

ይህ በወረፋ መብዛት የሚመጣ መዘግየት ባፈርብሎት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን መፍትሔ አቀረቡ፤ ፓኬት ወረፋ ላይ የቆየበትን ጊዜ እያየ፣ ሲበዛ አንዳንዱን እየጣለ ላኪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያደርጋል። ኤፍኪው-ኮደልና ኬክ ደግሞ በዚህ ላይ እያንዳንዱን ግንኙነት በተለየ ወረፋ ያስተናግዳሉ፤ አንድ ሰው ፊልም ስላወረደ የሌላው ጥሪ አይታፈንም።

ግን ወረፋው ሞደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ እነዚህ አይሠሩም። ወደ ራውተራችሁ ማምጣት አለባችሁ። መስመሩን ለኩና ራውተሩ ላይ ከዚያ ዝቅ ያለ ገደብ፣ ከ85 እስከ 95 በመቶውን፣ ለአፕሎድም ለዳውንሎድም ስጡ። ከፍጥነቱ ጥቂት ታጣላችሁ፤ የሚገኘው እርጋታ ግን ዋጋ አለው። የምትለኩት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይሁን፤ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ለመኖሪያ ቤት ይሆናል።

ማይክሮቲክ ራውተር ያላችሁ፣ ራውተር ኦኤስ 7 ላይ ሲምፕል ኪው ከፍታችሁ የኪው ዓይነቱን ኬክ ወይም ኤፍኪው-ኮደል አድርጉት። አንድ ነገር አደራ፦ ፋየርዎሉ ላይ ያለውን የፋስትትራክ ሕግ አጥፉ። እሱ ካልጠፋ ትራፊኩ ሲምፕል ኪውን አልፎ ስለሚሄድ ያስቀመጣችሁት ገደብ አይሠራም። ስሪት 6 ላይ ያላችሁ ፒሲኪው ተጠቀሙ፤ ፍጥነቱን ለተጠቃሚዎች እኩል ያካፍላል። ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተጫነበት ራውተር ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን ጭናችሁ ገደቡን ማስገባት ይበቃል።

በፖርት ቁጥር ቅድሚያ መስጠት ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ዛሬ አብዛኛው ትራፊክ በ443 ተመስጥሮ ስለሚሄድ ሥራውን ከመዝናኛው መለየት ከባድ ነው። የቢሮ የአይፒ ስልክ ካላችሁ ግን ለእሱ ብቻ ቅድሚያ ስጡ፤ ያ ተገቢ ነው። በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ ፍጥነቱ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ገደቡን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ስትጨርሱ ፋይሉን እየጫናችሁ ያንኑ ፒንግ ድገሙት። ካልወረደ ገደቡን 5 በመቶ ቀንሱና እንደገና ሞክሩ።