በጤና ኬላ የሚመዘገበው ቁጥር እስከ ምን ይታመናል?



በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ አቁሞ፣ በአብዛኛው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቦ፣ በአማካይ 5,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግሉ አድርጓል። እነዚህ ባለሙያዎች ይከትባሉ፣ ያክማሉ፣ ያስተምራሉ፤ በዚያ ላይ ይመዘግባሉ። አገሪቱ ስለ ገጠር እናቶችና ሕፃናት ከምታውቀው ውስጥ ብዙው መነሻው በእነርሱ እጅ የተሞላ ቅጽ ነው።

ከአንድ የታወቀ ልዩነት ልነሣ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ሦስተኛውን የፔንታቫለንት ክትባት ያገኙት 53 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳየ። ከጤና ተቋማት በተዋረድ የተሰበሰበው ሪፖርት ግን በዚያው ዘመን ከ90 በመቶ በላይ ይል ነበር። ዳሰሳ ጥናቱም ፍጹም አይደለም፤ የክትባት ካርድ የጠፋባት እናት የምትመልሰው በትዝታዋ ነው፣ ትዝታም ይስታል። ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል ርቀት በትዝታ ስሕተት ብቻ አይገለጽም።

ይህን የሰማ ሁሉ ወዲያው «ሪፖርቱ ፈጠራ ነው» ይላል። ፈጠራ የለም አልልም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው አካፋዩ ነው። የክትባት ሽፋን የሚገኘው የተከተቡት ቁጥር ሊከተቡ ለሚገባቸው ቁጥር ሲካፈል ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ ሊከተቡ የሚገባቸው ስንት እንደሆኑ የሚታወቀው በትንበያ ነው።

አንድ ቀበሌ በትንበያ 5,000 ነዋሪ አለው እንበል፤ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት 3 በመቶ ቢሆኑ ዕቅዱ 150 ሕፃናት ይሆናል። እውነተኛው ነዋሪ 6,000 ከሆነ ሕፃናቱ 180 ናቸው፤ ባለሙያዋ 150 ስትከትብ ሪፖርቱ መቶ በመቶ ይላል፣ 30 ሕፃናት ግን ከነጭራሹ አይታዩም። ነዋሪው 4,000 ከሆነ ደግሞ ሕፃናቱ 120 ናቸው፤ አንድም ሳታስቀር ብትከትብ ክንውኗ 80 በመቶ ነው። በግምገማ መድረክ የምትወቀሰው ይህች ሁለተኛዋ ናት! እንዲህ ያለ ወቀሳ ሁለት ሦስት ጊዜ የደረሰባት ባለሙያ በሚቀጥለው ወር እስክሪብቶ ስታነሣ ምን እንደሚፈትናት መገመት አያዳግትም።

የሞት ምዝገባ ችግሩ በተቃራኒው ነው፤ እዚህ ቁጥሩ ያንሳል። በብዙ የገጠር አካባቢ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ጨቅላ እንደ አዋቂ ድንኳን አይጣልለትም፣ ለቅሶውም ከቤተሰቡ ብዙም አይርቅም። ያልተለቀሰለትን ባለሙያዋ ከማን ትሰማዋለች? እናቲቱ ራሷ ካልነገረቻት በቀር በመዝገቧ ልደቱም ሞቱም አይኖርም።

ስለ ማረጋገጫው ዘዴ ባጭሩ ላንሣ። ተቆጣጣሪ መዝገቡን እንደገና ቆጥሮ ከተላከው ሪፖርት ጋር ያስተያያል፤ በመዝገብ 40፣ በሪፖርት 50 ከሆነ ጥምርታው 0.8 ነው። ጠቃሚ ነው፤ የሚያነጻጽረው ግን ወረቀትን ከወረቀት ነው። መዝገቡ ራሱ ሐሰት ቢይዝ ጥምርታው ድንቅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከመዝገቡ ጥቂት ስሞችን መዝዞ እናቶቹን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው። ታብሌትም የድምር ስሕተትን ይቀንስ ይሆናል እንጂ አካፋዩን አያርምም።

አካፋዩን ለማረም የሚያስችለው ሰነድ ግን በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ አለ፤ የእያንዳንዱን አባወራ አባላት በስም የሚይዘው የቤተሰብ ማህደር ነው። ማህደሩ በየዓመቱ ታድሶ በቤት ለቤት ጉብኝት ከተረጋገጠ የቀበሌው ዕቅድ ከእርሱ ቢነሣ፣ ከላይ ተከፋፍሎ የሚወርደው ትንበያም ማህደር ላልተሟላላቸው ቀበሌዎች ብቻ ቢቀር እመርጣለሁ።