ከወይራው ቅጠል ሥር

በደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ በራቁት ማሳ መሀል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከሩቅ ከታየ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። ከቅጽሩ ገብቶ ከወይራና ከጽድ ሥር የረገፈውን እርጥብ ቅጠል ገለጥ ላደረገ ሰው አንዲት ነጣ ያለች ነጥብ ተፈናጥራ ትሰወርበታለች። ቁንጫ የምትመስለው ብዙ ነው። ቁንጫ ግን ደም ትመጥጣለች፤ ይህቺ ሰውም ከብትም አትነካም።

የሳይንስ ስሟ ኮሌምቦላ ነው። አብዛኞቹ የወገኗ አባላት ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። እንደ ነፍሳት 6 እግር አላቸው፤ ክንፍ ግን የላቸውም፣ የአፋቸው ክፍሎችም ጭንቅላታቸው ውስጥ ተሸሽገዋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዛሬ ከነፍሳት ለይተው የቅርብ ዘመድ ያደርጓቸዋል። የዝላያቸው ነገር ያስደንቀኛል፦ በሆዳቸው ሥር እንደ መንሽ ሁለት ጣት ያለው ጭራ ታጥፎ በመያዣ ተቆልፏል። አደጋ ሲመጣ መያዣው ይለቃል፣ ጭራው መሬቱን ይመታል፣ እንስሳዋም ከቁመቷ ብዙ እጥፍ ርቃ ትወረወራለች። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በተባለ መንደር አጠገብ የተገኘው የወገናቸው ቅሪት ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ያኔ ዳይኖሰር እንኳ አልነበረም።

ሥራቸው ዝምተኛ ነው። የበሰበሰ ቅጠልና በላዩ የሚያድገውን ሻጋታ ይግጣሉ፣ ኩሳቸውም አፈር ይሆናል፤ በቅጠሉ የታሰረው ምግብ ወደ ሥሮች ይመለሳል። ቅጠል ባልተለየው አንድ ካሬ ሜትር አፈር ውስጥ በአስር ሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ከሚገኘው የዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመርቋል። እንዲህ ያሉት ደኖች ሲጠበቁ የሚጠበቀው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ይህ ሁሉ ሠራተኛ ጭምር ነው።

ከቅጽሩ ውጭ ነገሩ ይለወጣል። ገለባው ለከብት፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ለምድጃ ይሄዳል። ገበሬው የሚያነደው እንጨት ስላጣ ነው፣ አይወቀስም፤ ማሳው ግን ይራባል፣ ኮሌምቦላዎቹም ምግብና መጠለያ ያጣሉ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የአፈርም ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ ስለ ብስባሽ ስታስተምሩ አንድ እፍኝ የበሰለ ብስባሽ ነጭ ሳህን ላይ በትናችሁ ለገበሬው አሳዩት፤ ኮሌምቦላዋን ስትዘል በዓይኑ ይያት።