የወፏን ቁጥር ማን ይጠብቀዋል?

አንድ ወፍ እግር ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት ብታዩ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ መታወቂያ ነው። ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የዚያች ወፍ ብቻ ነው። ግን ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው መዝገቡ ነው።

በአሜሪካ ይህን መዝገብ የሚይዘው ከ1920 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ ብሔራዊ ማዕከል ነው። ጥቅሙን በአንዲት ወፍ እንየው። በ1956 ቻንድለር ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ሚድዌይ ደሴት ላይ ለአንዲት አልባትሮስ ቀለበት አጠለቁላት። በ2002 እዚያው ደሴት ላይ የአንዲት አልባትሮስን ያረጀ ቀለበት በአዲስ ቀየሩ። በኋላ መዝገቡ ሲፈተሽ ያችው የ1956ቷ ወፍ ሆና አረፈችው! ዛሬ ዊዝደም ትባላለች። በ2024 መጨረሻ፣ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት እንኳ እንቁላል ጥላለች። በመሀል መዝገቡ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዋን ማን ያውቅ ነበር?

ስለዚህ የማዕከሉን የወደፊት ጉዞ ማቀድ ማለት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ያቀረበው የበጀት ሐሳብ ማዕከሉ ያለበትን የሥነ ምህዳር ምርምር ዘርፍ ጭራሽ የሚያስቀር ነበር። ጉዳቱ ለተመራማሪዎች ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ስንት ዳክዬ ቢታደን ዘሩ እንደማይጎዳ የሚሰላው አዳኞች ከሚያሳውቁት የቀለበት ቁጥር ጭምር ነው።

ለምን በጂፒኤስ አይተካም? ብዙ ተመራማሪዎች የሚከተሉት ልማድ አለ፦ መሣሪያው ከወፏ ክብደት 3 በመቶ ገደማ እንዳይበልጥ። 20 ግራም ለምትመዝን ወፍ ይህ 0.6 ግራም ብቻ ነው! ቀለበት ግን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። ስለዚህ ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያባርረውም።

ተተኪው ማን ነው? ወፍን ሳይጎዱ መያዝ ሥልጠናና ፈቃድ ይጠይቃል። ወጣቶች ካልሠለጠኑ ሥራው ከአንጋፋዎቹ ጋር ያበቃል።

እናንተስ? በየዓመቱ ብዙ ወፎች የአውሮፓን ክረምት ሸሽተው ወደ እኛ ሐይቆች ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም ቀለበት አላቸው። ካያችሁ ወፏን አትያዙ። ፎቶ አንሱ፤ ቁጥሩን፣ ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን የማዕከል ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉና ለማዕከሉ ላኩ። ሩቅ አገር የተከፈተው መዝገብ እናንተ በምትልኩት አንድ መስመር ይሞላል።