የሴቶች እግር ኳስና የአሠልጣኙ 20 ደቂቃ

የእግር ኳስ ሕግ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እኩል አይደለም። በጉልበት ውስጥ የጭንንና የቅልጥምን አጥንት የሚያያይዘው የፊተኛው ጅማት በሴቶች ተጫዋቾች ላይ ከወንዶቹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይበጠሳል። ብዙውን ጊዜም ይህ የሚደርሰው ሌላ ተጫዋች ሳይመታት፥ ዘላ ስታርፍ ወይም በሩጫ ላይ ሳለች ድንገት ስትዞር፥ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ከዚያ በኋላ ወራት ያልፋሉ፤ ወደ ሜዳ ጨርሳ የማትመለስም አለች። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ፥ አሠልጣኙ ጉዳትን አስቀድሞ ለመከላከል ምን ሊያደርግ ይችላል? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ከሰጡት ምርምሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በኖርዌይ አገር የተካሄደው ነው። 125 ክለቦች በዕጣ በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 1,892 ልጃገረዶችም ስምንት ወር ያህል ተከታተሏቸው። አንደኛው ወገን እንደ ልማዱ ሲለማመድ፥ ለሁለተኛው 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ ተሰጠው። ይኸውም 8 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፥ 10 ደቂቃ ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛንን የሚያስጠብቅ ልምምድ ከዝላይ ጋር፥ በመጨረሻም 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው። ማሟሟቂያውን በሠሩት ዘንድ ጉዳት በጠቅላላው በሢሶ ያህል፥ ከባዱ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን አንሶ ተገኘ። ከወገብ በታች የደረሰው ጉዳት ብቻውን ሲታይ ግን ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን የተረጋገጠ አልነበረም።

ከዚህ ላይ የአሠልጣኙ ድርሻ ጎልቶ ይታያል። በ2005 በዚያው አገር የተሞከረ ሌላ ማሟሟቂያ ጉዳትን አልቀነሰም ነበር፤ ብዙዎቹ ቡድኖች አዘውትረው አልሠሩትምና። በ2007ቱ ጥናትም ልምምዱን ዘወትር የሠሩት ተጫዋቾች አልፎ አልፎ ከሠሩት ይልቅ ያነሰ ጉዳት ሲያገኛቸው፥ አሠልጣኙ «ጊዜ ይፈጃል» ብሎ የሚያስብበት ቡድን ልምምዱን ሲያስታጉል ታይቷል።

ስለዚህ ነገሩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የአሠልጣኝነትና የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ማሟሟቂያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየልምምዱ የማይቀር 20 ደቂቃና የእያንዳንዷን ተጫዋች አረፋፈድ ሳይሆን የጉልበቷን አስተራረፍ የሚከታተል ዓይን ነው። ክለብም አሠልጣኙን ስለ ጎል ብዛት ሲጠይቅ፥ ስለዚህ ሰዓት አጠባበቅም ቢጠይቀው ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።