የሙቀት ሽፍታ

የሙቀት ሽፍታ (በሕክምናው ስም ሚሊያሪያ) ላብ ወደ ቆዳ ገጽ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ሲደፈን የሚመጣ፣ በጥቃቅን እብጠቶች፣ በማሳከክና ወጋ ወጋ በማድረግ የሚታወቅ የቆዳ ችግር ነው። ስሙ የመጣው ሚሊየም ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ቃሉ እንደ ዳጉሳ ያለ ደቃቅ እህል ማለት ነው። ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ከደጋ አገር ወጥቶ ሞቃትና እርጥብ በሆነ ስፍራ የሚኖር ሰው ግን እየተመላለሰ ሊያስቸግረው ይችላል።

መንስኤ

ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው በንኖ ሲሄድ ነው። አየሩ እርጥበት ካለው ላቡ ሳይተን በቆዳ ላይ ይቀመጣል፤ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የላብ ቱቦዎችን አፍ ይዘጋል። የሞቱ የቆዳ ሕዋሳትና በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ለመደፈኑ ያግዛሉ። መውጫ ያጣው ላብ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ሰርጎ ያስቆጣዋል፤ የሚያሳክከውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሽፍታው የሚበዛው ልብስ በሚጣበቅበትና ቆዳ ከቆዳ በሚገናኝበት ቦታ ነው፦ በአንገት፣ በጀርባ፣ በጡት ሥር፣ በብብት፣ በወገብና በክንድ መታጠፊያ። የላብ ቱቦዎቻቸው ገና ያልዳበሩ ሕፃናትም፣ በተለይ በብዙ ልብስ ከተጠቀለሉ፣ ቶሎ ይይዛቸዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ በበጋው ወራት ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ዶሃ የሚደርስ ሰው ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣ ሙቀትና ከባሕር የሚመጣ እርጥበት በአንድ ጊዜ ይጠብቁታል። ሰውነት ሙቀትን በአብዛኛው የሚለምደው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ይሁንና የለመደ ሰውነት ላቡ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በመሆኑም መልመድ ብቻውን ሽፍታውን አያስቀርም።

ዓይነቶችና መልክ

ቱቦው የተደፈነው በቆዳው የላይኛ ክፍል ከሆነ እንደ ጤዛ ጠብታ የጠሩ፣ የማያሳክኩና በቀላሉ የሚፈርጡ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲደፈን በብዛት የሚታየውና ክፉኛ የሚያሳክከው ዓይነት ይፈጠራል። ሽፍታው ደጋግሞ ሲመለስ መደፈኑ ወደ ጥልቁ የቆዳ ክፍል ይወርዳል። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ማሳከኩ አነስተኛ ቢሆንም አደገኛው እሱ ነው፤ ሰፊ የሰውነት ክፍል ማላብ ስለሚያቅተው ሰውየው በሙቀት ሊዝለፈለፍ ይችላል።

የሕክምና መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» የሚሉት በነጣ ቆዳ ላይ የሚታየውን ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ እብጠቶቹ የቆዳውን ቀለም የያዙ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያሉ ሆነው ይገኛሉ፤ ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ጥቁር ቆዳ ብዙም ያላየ ሐኪም ሊስተው ስለሚችል፣ ሲነካ የሚሻክረውን ቦታ በጣት ማሳየት ይጠቅማል።

ከሌሎች ሕመሞች ጋርም ይምታታል። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ የሚወጣ፣ አብሮ የሚኖረውንም ሰው የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ጠርዙ ላይ የሚልጥ ጭርት፣ በእጅ ላይ ብቻ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሳሙናና የበረኪና ቁጣ ነው።

ሕክምና

ዋናው ሕክምና ማቀዝቀዝ ነው፤ ሌላው ሁሉ አጋዥ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስና ማራገቢያ ባለበት መተኛት ብዙውን ሰው ያድናል። ለማሳከኩ ካላሚን ይቀባል፤ ከበረታ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀናት መጠቀም ይቻላል። ቫዝሊን፣ ቅቤና ሌላ ቅባት ቱቦውን ይበልጥ ስለሚደፍኑ ያባብሱታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ነገር ነው። ማሳከኩን በአንድ ሌሊት ስለሚያበርዱ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋሉ፤ ለማቅላትም የሚቀቧቸው አሉ። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ ጭርትና እከክንም ሸፍነው ያስፋፋሉ።

በውጭ አገር መታከም

ቀላሉ ሽፍታ በፋርማሲ ምክር ይመለሳል። ሽፍታው መግል ከያዘ፣ ካበጠና ካመመ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከጥቂት ቀናት ማቀዝቀዝ በኋላ ካልተሻለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ራስ ማዞር፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት ከተከተለ ጉዳዩ የቆዳ መሆኑ ቀርቶ የድንገተኛ ሕክምና ነው፤ አምቡላንስ የሚጠራው በሳዑዲ ዓረቢያ በ997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ998፣ በእስራኤል በ101፣ በአሜሪካ በ911 ነው።

በእስራኤል ነዋሪዎች ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት ከአራቱ ኩፓት ሖሊም በአንዱ ይታከማሉ። በአሜሪካ መድን የሌለው ሰው ገቢው እየታየ ወደሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች መሄድ ይችላል፤ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።

በዓረብ አገሮች የቤት ሠራተኞች ነገር ከዚህ ይለያል። ወደ ክሊኒክ የምትወስዳት ብዙውን ጊዜ «ማዳም» ናት፤ ለሐኪሙም የምትናገረው እሷው ናት። ሠራተኛዋ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል እንደምትተኛ ወይም ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር እንደምትውል ሳይነገር ይቀራል። መንስኤው እሱ ሆኖ ሳለ ቅባት ብቻ ታዝዞላት ትመለሳለች፤ ሽፍታውም ይመለሳል። ሽፍታው የወጣበትን ቦታ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሳትና ጥቂት ቃላት ማወቅ በራስ አንደበት ለማስረዳት ይረዳል፦ በዓረብኛ ማሳከክ «ሒካ»፣ ሙቀት «ሐራራ»፣ ፋርማሲ «ሰይደሊያ» ይባላል። ሽፍታው ራሱ በግብፅና በሌሎችም ዓረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «ሐሙ ኒል» ይባላል፤ ቃል በቃል የዓባይ ሙቀት ማለት ነው። ወንዙ በኢትዮጵያ ክረምት ሞልቶ ግብፅ የሚደርሰው እዚያ የበጋው ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ነበር።