በፀሐይ ለሚሮጥ ሰው ስለ ውሃ አጠጣጥ

ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ በበጋ የሚሮጥ ልጅ፥ ላቡን ነፋስ ቶሎ ስለሚያደርቅበት፥ ከሰውነቱ ብዙ ውሃ መውጣቱን አያስተውልም። ላብ በቆዳ ላይ ሲደርቅ የሰውነትን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የወጣው ውሃ ካልተተካ ግን ደም ይጐድላል፥ ልብም ይደክማል፥ ሙቀቱም በውስጥ ይቀራል። የውሃ ጥምን መታገሥ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ከሩጫ በፊትና በየዕረፍቱ ጥቂት በጥቂት መጠጣት ይገባል፤ ያለ ልክ መጠጣትም የደምን ጨው ስለሚያቀጥን ይጐዳል።

ሰዓት መምረጥም ይረዳል፤ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ያሸነፈበት ሩጫ የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ተፈጸመ።

ራሱን ዞሮት ንግግሩ የተዛባበት ልጅ ቢገኝ፥ ፈጥኖ ወደ ጥላ ማግባት፥ ቀዝቃዛ ውሃ በገላው ላይ ማፍሰስ፥ ወደ ሐኪምም መውሰድ ነው፤ ራሱን ከሳተ ግን ውሃ በአፉ አይሰጠውም።