«ገብቷል» ከማለታችን በፊት

እስቲ አንድ ምሽት አብረን እናስብ። ከቃሊቲ ማዞሪያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ አለ። የጭነት መኪና ሾፌር ሁለት ጎማ ገዝቶ ስልኩን ነካ ነካ ያደርጋል። «ጋሼ፣ ልኬልዎታለሁ፤ ገባ?» የባለቤቱ ስልክ ድምፅ ያሰማል። «ገብቷል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» መኪናው ይሄዳል። ማታ ሂሳብ ሲተሳሰብ ግን ብሩ የለም። መልእክቱ ግን አለ! ያውም ባንኩ ከዚህ በፊት ከላካቸው መልእክቶች ሥር ተሰልፎ ተቀምጧል።

እንዴት ሆነ? ነገሩ በጣም ስለሚገርም ላስረዳችሁ።

የስልክ የጽሑፍ መልእክት ሲላክ የላኪውን ማንነት የሚነግር አንድ መስመር አብሮት ይጓዛል። እዚያ መስመር ላይ የሚሰፍረው ግን የግድ ቁጥር አይደለም፤ እስከ 11 የላቲን ፊደል የሚደርስ ስምም ይሆናል። ስሙ እውነት መሆኑን የሚመሰክር ማኅተም የለበትም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 እንግሊዝ አገር የተላከው የመጀመሪያው መልእክት የገና መልካም ምኞት ነበር። ለሰላምታ የተሠራውን መንገድ ነው ዛሬ ገንዘብ የምናምነው። ስልካችን ደግሞ ስሙን ብቻ አይቶ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን አንድ ላይ ይሰበስባል። የሐሰቱ ከእውነተኛው ጎን የሚቀመጠው በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ጥበብም አያስፈልግም፤ ከማንም ተራ ቁጥር የተላከ፣ የባንኩን አጻጻፍ የሚመስል ጽሑፍ ይበቃል። ሥራ የበዛበት ሰው የሚያየው የብሩን መጠን ነውና።

ታዲያ ብሩ የት ነው? ብሩ በባንኩ መዝገብ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። መልእክቱ ስለዚያ መስመር የመጣ ወሬ ነው። ወሬውን ትተን መስመሩን ማየት እንችላለን፤ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# ደውለን ቀሪ ሂሳብ መጠየቅ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክም ይበቃዋል። ይህ የሚያስተማምነው ለምን ይመስላችኋል? መንገዱን የጀመርነው እኛ ስለሆንን ነው። ወደ ባንኩ የሄድነው እኛ ነን እንጂ ባንክ ነኝ ባይ አይደለም ወደ እኛ የመጣው።

ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላውም ማታለያ ይገለጥላችኋል። «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ከባንክ ነው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የደረሰዎትን ስድስት ቁጥር ይንገሩኝ።» ያ ቁጥር ባንኩ «ይህን የምታደርጊው አንቺ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅበት ነው። ቁጥሩን መንገር፣ በሌላ ሰው ፈንታ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ መመለስ ነው። ባንክ የራሱን ጥያቄ መልስ በስልክ አይለምንም። ስልኩን ዝጉትና ራሳችሁ ደውሉ፤ ንግድ ባንክ በ951፣ ቴሌብር በ127 ይገኛሉ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ግርግር ውስጥ ስልክ ሲሰረቅስ? ስክሪኑ በጣት አሻራ ተቆልፏል ብለን እንጽናናለን። ሌባው ግን ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል፤ ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ ቁጥሮቹ ሁሉ ለእሱ ይደርሱታል! መፍትሔው ከድሮ ጀምሮ እያንዳንዱ ሲም ውስጥ አለ፤ የሲም ፒን ይባላል። ከስልኩ ቅንብር ካበራችሁት፣ ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ሲሙ ፒኑን ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል። መነሻ ፒኑን ካላወቃችሁት ግን አትገምቱ፣ በራሳችሁ ላይ ትቆልፉታላችሁ፤ የቴሌ ማዕከል ጠይቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከምመክራችሁ ሁሉ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ወጣቶቹን የሚመለከተው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናገረ፤ ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር መሆኑንም አስታወቀ። አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ባንኩ አወጣ። እንዴት ታወቁ? እያንዳንዱ ዝውውር በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ስለነበር ነው። አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። ስለዚህ በራሱ ስም አይቀበልም፤ «ወንድሜ፣ አንተ ሂሳብ ላይ ብር ይገባልኝና አውጥተህ ስጠኝ፣ የድካምህን አስብልሃለሁ» ይላል። ዱካው የሚያደርሰው እሺ ያለው ልጅ ደጃፍ ነው። ሂሳብ አይከራይም፣ አይዋስም፤ ለጓደኛም ቢሆን።

መታለላችንን ስናውቅ ደግሞ ደቂቃዋ ውድ ናት፤ ወዲያው መደወል ነው። ብሩ ሂሳብ ውስጥ እያለ ሊታገድ ይችላል፣ በኤቲኤም ወጥቶ ኪስ ከገባ ግን መመለሱ ይከብዳል። እኔ 951 እና 127ን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ እናቴ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጫለሁ። ስልኩ በተሰረቀ ሰዓት እዚያው ስልክ ውስጥ የተመዘገበ ቁጥር ምን ያደርግላታል?